ቲቸር ምሳሌ ያገኘችበት ቀን

አሰበ ተፈሪ እስር ቤት፣ የሴቶቹ ክፍል ገፍትረው ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ የቆርቆሮው ሙቀት ነው። ቀጥሎ ያየሁት የእንግሊዝኛ አስተማሪዬን ነው። ደስ አለኝ። እስር ቤት ገብቶ ደስ የሚለው እንደኔ ያለ ሞኝ ብቻ ነው። "ቲቸር!" ብዬ ተጠመጠምኩባት። እሷ ግን "አንቺንም?" ብላ አለቀሰች።

ሁለታችንንም የያዙን የተቃውሞ ወረቀት በትናችኋል ብለው ነው። ቲቸር ጡት ያልጣለ ልጇን ሂርና እናቷ ዘንድ ትታ ነው የመጣችው። ማትሪክ መፈተኔ የማይቀር ይመስል፣ ያለ ደብተር ያለ እርሳስ ታስጠናኝ ጀመር። አንድ ቀን ሹሩባ እየሠራችኝ የሞቲቭና የኢንሴንቲቭን ልዩነት ጠየቅኳት። ሁለቱም ሰውን ያነሳሳሉ፣ አንዱ ከውስጥ ነው፣ ሌላው ከውጭ፣ አለችኝ። አልገባኝም። ጥሩ ምሳሌ እስካገኝ ታገሺኝ አለች።

ሹሩባውን ሳትጨርስልኝ ዘበኛው መጣ። "ቶሎ በይ አቦ፣ መርማሪው ይፈልግሻል" ብሎ ወሰዳት።

ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። መትተዋት እንደሆነ ጠየቅኳት። ኧረ መርማሪው ሻይ ነው የጋበዛት! ወረቀቱን የበተነችው ያቺ ተማሪሽ ናት ብለሽ ፈርሚና ዛሬውኑ በጫት መኪና ሂርና ትገቢያለሽ፣ ልጅሽን ታቅፊያለሽ ብሏታል። የበተንኩት እኔው ነበርኩ፤ እሷም ታውቃለች።

"ነይ ተቀመጪ፣ ፀጉርሽ አላለቀም" አለችኝ። "ምሳሌ አግኝቻለሁ። መኪናውን ከፊቴ ያቀረበልኝ መርማሪው ነው፤ ኢንሴንቲቭ ማለት ያ ነው። የልጄ ናፍቆት ግን የራሴ ነው፣ ማንም አልሰጠኝም። ሞቲቭ ይኸው።"

"ታዲያ ለምን ፈርመው አልሄዱም?"

"ሌላም ሞቲቭ አለኛ" አለችና ራሴን ጫን አደረገችው። "አሁን አትነቃነቂ፣ ይጣመምብሻል።"

አለቀስኩ። እሷ እስከ መጨረሻው ጎነጎነችልኝ።

እኔን ከጥቂት ወራት በኋላ ለቀቁኝ። እሷን ግን አልፈርምም ስላለች ዓመታት አቆዩዋት። ስትፈታ ሂርና ድረስ ሸኘኋት። ልጇ ከአያቱ ቀሚስ ኋላ ተሸጉጦ "ይቺ ሴትዮ ማናት?" አለ። ተንበርክካ፣ እንደ አዲስ ተማሪ ቀስ ብላ ስሟን ነገረችው። እኔ ቆሜ ማየት አቃተኝና ወደ ደጅ ወጣሁ።

ዛሬ ያ ልጅ የልጆች አባት ነው። ቤታቸው ስሄድ "እህቴ መጣች" ብሎ ይስመኛል። እሷም አርጅታ እንኳ እንግሊዝኛዬን ታርምልኛለች፤ እንደ ነፍሴ ነው የምወዳት። ስለዚያ ቀን ግን ለልጇ አንድም ቃል አልነገረችውም። እኔም እንዳልነግረው አስምላኛለች። እዚህ የማንንም ስም ያልጠራሁት ለዚያ ነው።