ከጎታው ሥር የሚቀረው

በእኛ በጋይንት ጎታ እስከ ሥሩ አይጠረግም። እናቴ ምንጊዜም አንድ እፍኝ ገብስ ታስቀር ነበር። እኔም ክፉ ቀን አይቻለሁና እንደ እሷው ሆኜ አረጀሁ። ልጄ በዚህ ትስቅብኝ ነበር። «እማዬ፣ አንቺ እኮ አንድ ዋንጫ ጠላ ቢሰጡሽም ለነገ ታስተርፊያለሽ» ትለኛለች።

ያቺ ልጄ፣ የመጨረሻዋ፣ ስኳር የሚሉት በሽታ ነበረባት። አንድ ክረምት አፏ ውስጥ ነጭ ነገር ወጣባት፣ ወተት የጠጣ ሕፃን ምላስ መስሎ። ጤና ጣቢያ ብንሄድ ፈንገስ ነው አሉን፤ እንክብል ሰጥተው በየቀኑ አንድ፣ እስኪያልቅ ድረስ እንድትውጥ አዘዙ። በአምስተኛው ቀን ነጩ ጠፋ። ልጄ እህል ቀመሰች፣ ጭራሽ ቃሪያ ጠየቀች። እኔም የቀረውን እንክብል በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁት። ድናለች አይደል? ደግሞ ቢነሳባትስ? በክረምት ከእኛ ቀበሌ ጤና ጣቢያው እስካለበት እስከ አርብ ገበያ ከተማ ያለውን ጭቃ በእግሩ የወጣ ሰው አይፈርድብኝም።

እግሬ አያርፍም እኔ። ወገዳ እህቴ ዘንድ፣ እስቴ ወንድሜ ዘንድ ስል ነው ዕድሜዬ ያለቀ። የሄድሁበት ሁሉ ቋጠሮው አብሮኝ ይሄዳል። ስመለስ ነጩ ተነሥቶባት ካገኘሁ ሁለት ሦስት ቀን አውጥቼ እሰጣታለሁ፤ ሲሻላት መልሼ እቋጥራለሁ። ሲያልቅ ሌላ እንወስዳለን፣ ከዚያም ላይ አስቀራለሁ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ከሄድን በኋላ እንክብሉ እንቢ አለ። ነጩ ወደ ጉሮሮዋ ወረደ፤ ውኃ እንኳ እሾህ ሆነባት። ትልቁ ሆስፒታል አስተኟት። ከአፏ በጥጥ ጠርገው ወሰዱና ከቀናት በኋላ የምርመራ ክፍሏ ሴት አስጠራችኝ። አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

ይህ ፈንገስ የእርሾ ወገን ነው አለችኝ። መድኃኒቱ ይዞ የሚገድልበት ቦታ ነበረው፤ በዘሩ ውስጥ በመጣች ትንሽ ለውጥ ያ ቦታ ቅርጹን ቀየረ፣ መድኃኒቱም መያዣ አጣ። ሾልኮ የገባውንም ፈንገሱ መልሶ ወደ ውጭ ይተፋዋል። ይህን ጠባይ ከእሱ ለሚራባው ሁሉ ያወርሳል።

«ማን አስተማረው?» አልኋት።

«ማንም፣ እማማ። ከብዙው መሐል አንዱ እንዲያው ተለውጦ ይገኛል። መድኃኒቱ ሌላውን ሲገድል እሱ ይተርፋል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ደግሞ ቦታው የእሱ ነው።»

ይህን ለመረዳት ፊደል መቁጠር አያሻም። ማሳችንን ውርጭ ያቃጠለው ዓመት ትዝ አለኝ። እዚህም እዚያም ቆመው የቀሩትን የገብስ ዛላዎች ለቅሜ ለዘር ያስቀመጥሁ እኔ ነበርሁ። በዓመቱ ያን ገብስ ውርጭ አልደፈረውም፣ ጎረቤት ሁሉ ዘር ለመነኝ። በዚያው እጄ ከልጄ ጉሮሮ ውስጥ ዘር መረጥሁ።

ቋጠሮዬን ፈትቼ አሳየኋት። ሦስት እንክብል። አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ይህ ነገር መድኃኒቱን አስተካክሎ በወሰደ ሰው ላይም እንደሚደርስ፣ ስኳሩም እንዳገዘው ነገረችኝ። ልታጽናናኝ እንደሆነ ገባኝ። በደም ሥር የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት አለ፤ ከሩቅ ከተማ መምጣት ነበረበት።

ከልጄ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኋት። ድምፅዋ ከከንፈሯ አያልፍም ነበር፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ለእኔ ብለሽ እኮ ነው ያስቀረሽው» አለችኝ።

መድኃኒቱ ሳይደርስ ቀበርናት።

አሁንም በጎታው ሥር አንድ እፍኝ ገብስ አለ። አንዳንድ ቀን ልጠርገው ብዬ እጄን እሰድዳለሁ። ለማን እንደማስቀር ሳላውቅ መልሼ እከድነዋለሁ።