የስምንቱ በሮች ታሪክ

«ጭቃ ለብሶ መጣ፣ ወርቅ ሊያጥብ የሄደው፣
በሩን ክፈቺለት…»

ከዚህ ወዲያ ያለው ጠፍቷታል። ዓይናዲስ ግን ለንደን፣ ሼፈርድስ ቡሽ፣ ከአዳራሹ ጓዳ ቆማ ወጡን እያማሰለች፣ ያስታወሰችውን ያህል ታንጎራጉራለች። ሻኪሶን ወርቅ ፈላጊ ባጥለቀለቃት ዘመን፣ ቆፋሪዎቹ ይህን የሚያዜሙት እሷ በረንዳ ላይ ነበር።

ሆቴሏ ስምንት ክፍል ነበራት። የግድግዳውን ጭቃ በእግሯ የረገጠች፣ ፊደል ያልቆጠረ ቆፋሪ ክፍሉ እንዳይጠፋበት በሮቹን በስምንት ቀለም የቀባች እሷ ናት። የስደት ቀን ሲመጣ፣ እንደ እህት ያሳደገቻትን አስተናጋጅ፣ አልታየሽን፣ ጠርታ ቁልፉን ሰጠቻት። «ቤቱ ላንቺ ይሁን፤ ስሜን ብቻ አደራ» አለቻት። አልታየሽም አልቅሳ ማለች።

ዛሬ ሆቴሏ አርባ ዓመት ሞላት። ለንደን የሚኖረው የአልታየሽ ልጅ ሔኖክ የሆቴሏን ታሪክ በመጽሐፍ ጽፎ፣ እናቱ ለምረቃው ከአገር ቤት መጥታለች። «ያለ እርስዎ እጅ ድግስ አይሆንም፣ እትዬ» ስትላት፣ ዓይናዲስ ከምትሠራበት የፓርክ ሮያል ሳንድዊች ፋብሪካ ፈቃድ አፕላይ አድርጋ፣ ዌምብሊ ቤቷ ሁለት ቀን ስታበስል ሰነበተች። ስሟ ሲነበብ ልትሰማ ነዋ!

ሔኖክ ማይኩን ጨበጠ። «እናቴ ከባዶ ተነስታ ሆቴሏን መሠረተች። ጭቃውን በእግሯ ረገጠች። በሮቹን በስምንት ቀለም ቀባች…»

ዓይናዲስ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። ምናልባት ቀጥሎ ነው፣ አለች በሆዷ። ገጽ ተገለጠ፤ ሌላም ተገለጠ፤ እሷ የለችም። ሰማያዊ በር ባለው ክፍል ሦስት ዓመት የኖሩት ጋሽ ዳኛቸው ከፊት ተቀምጠዋል። እሳቸው እንኳ አንድ ቃል ይተነፍሱ እንደሆን ከጓዳው በር ዓይናቸውን ፈለገች፤ ጋሽ ዳኛቸው ብርጭቋቸውን ማየት ጀመሩ። አዳራሹ አጨበጨበ።

አልታየሽ ወደ ጓዳ ብቅ አለች። «እትዬ፣ እንግዳው ራበው። እናቅርብ?»

«እኔ የት ገጽ ላይ ነኝ?»

አልታየሽ ነጠላዋን አስተካከለች። «ልጅ ነው የጻፈው… ታሪክ ሲረዝም ደግሞ ሰው ይሰለቻል። እርስዎ ለንደን ተቀምጠው የሻኪሶ ቤት ምን ያደርግልዎታል?»

«መሐላሽንም አሳጠርሽው?»

ዓይናዲስ ጭልፋውን አስያዘቻት።

«በይ አስተናግጂ። ባለሆቴሏ አንቺ ነሽ፤ እኔ እንግዳ ነኝ።»

ወጥታም ከጋሽ ዳኛቸው ፊት ለፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። አልታየሽ ወጡን ስታወጣላት ቀና ብላ አላየቻትም። ቆርሳ፣ በወጡ አጥቅሳ ጎረሰች።