የናቲን አፍ ያስከፈተው በግ

ከአገር የወጣን ዕለት ኤርፖርት ላይ ሻንጣዬ ከልክ በላይ ከበደ። መዛኙ ሰውዬ ከውስጡ ሦስት የሥዕል መጽሐፎች መዘዘና «እህቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። ኮተቤ ኬጂ ሳስተምር ለልጆቹ በእጄ የሣልኳቸው፣ በየበዓሉ የማነብላቸው አስቂኝ ታሪኮች ናቸው አልኩት። አንዱን ቆሞ አነበበና በሳቅ ፈረሰ።

«ጥሩ ነው። ግን ወይ እሱ ወይ ሽሮው!»

ሽሮውን አስቀረሁ። አበደች ትሉኝ ይሆናል፤ ጀርመን ገብቼ በመጋዝ የሚቆረጥ የሚመስለውን ዳቦ ሳይ እኔም ብያለሁ።

ባለቤቴ ቀድሞን የሄደባት ከተማ ትንሽ ናት። ፀሐይ ትወጣለች እንጂ አትሞቅም። ከሁሉ የባሰው ግን የአራት ዓመቱ ልጄ ናቲ ዝም ማለቱ ነው። ኮተቤ ሳለ በበር የሚያልፈውን ሁሉ አስቁሞ የሚያወራ ለፍላፊ፣ እዚህ ኪታ፣ ማለትም የእነሱ ኬጂ፣ ገብቶ ሦስት ወር አንድ ቃል አልወጣውም። እዚያው በረዳትነት ስለተቀጠርኩ ጥግ ይዞ ሲቀመጥ በዓይኔ አየዋለሁ።

ለገና አንዱን መጽሐፍ ላንብብ ብዬ የኪታውን ኃላፊ ጠየቅኋት።

«ገና እኮ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። ረስታችሁት ነው?»

በአማርኛ ቢሆን «የኛ ገና ገና ነው» ብዬ እገላገል ነበር። በተሰባበረ ጀርመንኛ ስለ ዘመን አቆጣጠር ሳስረዳ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ቀጥላ ሥዕሎቹን አየችና «በጉ መጨረሻው ምን ይሆናል?» አለችኝ። ኮተቤ ይህን የሚጠይቅ የለም፤ ልጆቹ ራሳቸው «ጥብስ!» ብለው ይጮኻሉ።

«ለበዓል ተጠርቶ ነው የሚሄደው» አልኳት። ውሸት አይደለም።

ፈቀደችልኝና ወደ ጀርመንኛ እየመለስኩ አነበብኩ። ከካራ ገበያ የተገዛው በግ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጧል። ረዳቱ «ጠጋ በል!» ሲለው አይሰማም፤ መስኮት ሲከፈት ግን «ንፋስ ገባ፣ ዝጉት!» ብሎ ይቆጣል።

«በግ ሲጮኽ ምን ይላል?» ብዬ ልጆቹን ጠየቅኋቸው።

«ሜእ!» አሉ በአንድ ድምፅ፤ በጀርመንኛ በግ እንዲህ ነው የሚጮኸው።

ናቲ ከጥጉ ብድግ አለ። ፊቱ ቀልቷል።

«ናይን! እሱ ፍየል ነው! በግ ባኣ ነው የሚለው! ባኣ!»

ጀርመንኛው «ናይን»፣ ማለትም «አይደለም»፣ ብቻ ነው፤ ግን ሁሉም ገባቸው። ክፍሉ በሙሉ «ባኣ!» አለ፣ ኃላፊዋም ሳትቀር። እኔ ፊቴን በመጽሐፉ ሸፍኜ ልሣቅ ላልቅስ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው! ለፋሲካ ኮተቤ ላሉት አባቴ ስንደውል፣ ኪታ የሰጡትን የሥዕል መጽሐፍ በካሜራ እያሳየ በጀርመንኛ ለቀቀው።

«እሺ... እሺ የኔ ጌታ...» ይላሉ አባባ። ሲጨርስ ለእኔ «ምን አለ?» አሉኝ።

«በፋሲካ ጥንቸል እንቁላል ታመጣለች ነው የሚለው።»

«ጥንቸል? ዶሮዎቹ የት ሄደው?» እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ለመሆኑ መቼ ነው የምትመጡት?»

ናቲ ክንዴን ጎተተኝ። «ቫስ ዛግት ኦፓ?» አለ፤ አያቴ ምን አሉ ማለቱ ነው።

«መቼ ትመጣለህ እያሉህ ነው። በአማርኛ መልስላቸው።»

ስልኩ ላይ ተደፍቶ «ነገ!» አለ።

«እሺ የኔ ጌታ» አሉ አባባ። «ነገ በር ላይ ወጥቼ እጠብቅሃለሁ።»