ጋሽ እንከን መኪና ያመሰገነ ዕለት

ጋሽ እንከን የተባለው የእናት አባት ስም አጥቶ አይደለም። አሮጌ መኪና ሊገዛ የተነሣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እሱን ሳያስከትል ንቅንቅ ስለማይል፣ እሱ ደግሞ እንከን የሌላት መኪና አይቶ ስለማያውቅ ነው። ዕድሜውን ጋራዥ ውስጥ ፈጅቶ ጡረታ ሲወጣ እጁ ዐረፈ፤ ምላሱ ግን ሥራ ላይ ቀረች። ትናንት ከፋብሪካ የወጣች መኪና ፊት ቢያቆሙት፣ ኮፈኗን እንኳ ሳይከፍት «እህ» ይላል፤ ያቺ «እህ» ብቻ ስንቱን ሻጭ ከዋጋው ላይ አውርዳዋለች። ከታክሲ ሲወርድ ገና አይተውት ዕንባቸው የሚመጣ ሻጮች አሉ ይባላል። ሚስቱ እንደምትምለው ከሆነ፣ ሊጠይቃት የመጣ ዕለት እንኳ መጀመሪያ አፉን የከፈተው ስለ ቤታቸው በር ማጠፊያ ነበር።

ታናሽ ወንድሙ ኑሮው ሙሽራ በማመላለስ ነው፤ ሰፈሩም «ሙሽራ ጫኝ» ብሎታል። የሠርጉ ወቅት ደጃፍ ላይ ደርሶ ሳለ ነጯ መኪናው ከቆመ ገልባጭ ጋር ተሳስማ ተጨማደደች። መኪና የሌለው ሙሽራ ጫኝ ሙሽሪትን በጀርባው አዝሎ አይሮጥ ነገር፣ ሰውየው እንቅልፍ አጣ። ደንበኞቹ ወደ ሌላ ለመሄድ እግራቸውን ሲያነሡ ነው እንግዲህ የጡረተኛዋን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር መኪና ወሬ የሰማው።

መኪናዋ ከፊቷ ተነሥቶ ኋላዋ ለመድረስ ስንቅ የምታስቋጥር፣ ረጅም ጥቁር የጌታ መኪና ናት። የዳይሬክተሯ አባት፣ አዝራር ቸርችረው የከበሩ ነጋዴ፣ በደህናው ዘመን ገዝተዋት ብዙም ሳይንፈላሰሱባት አረፉ። ከዚያ ወዲህ ሸራ ለብሳ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ጎማዋ ለመጨረሻ ጊዜ መንገድ ሲያይ ጎረምሳ የነበሩት ዛሬ አያት ሆነዋል። አሁን ዳይሬክተሯ ጋራዡን ለልብስ ሰፊ ሊያከራዩት ስለፈለጉ መሸጧ ነው።

ችግሩ ሴትየዋ ለመኪናቸው ክፉ ቃል የሚሰነዝርን ገዢ አያስቀምጡም። አንዱ «ይቺማ ለቁራሌ ናት» ብሎ በጃንጥላ እስከ አስፋልቱ ተሸኝቷል። ሌላው ጎማዋን በእግሩ ነካ ቢያደርግ ጎማዋን ይቅርታ እንዲጠይቅ ተደርጓል አሉ፤ ጠይቋልም።

ስለዚህ ሙሽራ ጫኝ ታላቁን ለመነው፤ ለዛሬ ብቻ አፍህን ዝጋልኝ አለው። ጋሽ እንከን የሚቻለውን ነገር ጠይቀኝ ሲል መለሰ፤ ዓይኑ የሚያየው በምላሱ ነውና አፉ ከተዘጋ ዝሆን ፊቱ ብትቆምም አያይም። ታክሲ ውስጥ ሲጨቃጨቁ ቆይተው አንድ ዘዴ ወለዱ። ጋሽ እንከን ጉድለት ባየ ቁጥር ያመሰግናል፤ ወንድሙ ምስጋናውን ገልብጦ ይሰማል። ደህና ነገር ካገኘ ደግሞ ይሳደባል። ይህችኛዋን የተስማሙት እየሳቁ ነው፤ ታስፈልገናለች ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ዳይሬክተሯ ጋራዥ ለሚገባ እግር ጫማ አስጠርገው አስገቧቸው። ሸራውን ገፈፉ፣ በርጩማ ሳቡና እንደ ፈተና ጠባቂ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ጋሽ እንከን ተንበርክኮ በበሮቹ ሥር ባትሪውን አበራ። ዝገቱ ብረቱን እንደ ዳንቴል ጠልፎታል። «ይኼ የእጅ ጥበብ ነው» አለ። ሙሽራ ጫኝ ምራቁን ዋጠ። ጎማዎቹ በክረምት እንደተሰነጠቀ ተረከዝ ሆነዋል፤ የሕፃን ጉንጭ ናቸው ተባሉ። ኮፈኑ ሲከፈት አይጦች ከሽቦው ሽፋንና ከወንበሩ ጥጥ ትልቅ ቤት ሠርተው፣ ወልደው፣ ልጆቻቸውንም ድረው ወጥተዋል። ጋሽ እንከን የቤተሰብ መኪና መሆኗን፣ ፍቅር የነበረበት ቤት እንደምትመስል በአድናቆት ተናገረ። ሰንብቶ የተበላሸው ነዳጅ አፍንጫውን ሲሰነጥቀው ዓይኑን ጨፍኖ እንዲህ ያለ ሽቶ ዛሬ ከየት ይገኛል አለ።

አንድ ምስጋና በወጣ ቁጥር የወንድሙ ፊት አንድ ደረጃ ይገረጣል፤ የዳይሬክተሯ በርጩማ ደግሞ አንድ ክንድ ወደ መኪናዋ ይጠጋል።

ከዚያ ሞተሩ ላይ ደረሰ። ዘይቱን ቀድቶ አየው፤ ውኃ የሚባል አልነካውም። ካንዴላዎቹን ፈትቶ በየቀዳዳው ዘይት ጠብ ጠብ አደረገና በእጁ አዞረው፤ ሞተሩ ቂም እንደሌለው ሰው እሺ ብሎ ዞረ። ካንዴላዎቹን መልሶ ይዘው የመጡትን የመኪና ባትሪ አሰረ፣ የነዳጁን ጋን ስላላመነው ንጹሕ ቤንዚን የያዘ ጠርሙስ ኮፈኑ ሥር አንጠልጥሎ በቀጭን ቱቦ አገናኘ። ሙሽራ ጫኝ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አስነጠሰ፣ የአይጦቹን ፍራሽ ተፋ፣ ትንሽ ተነጫነጨ፤ ከዚያ የጠገበ ድመት በሚያንኮራፋው ድምፅ ረጋ። ጋሽ እንከን በጋራዥ ዘመኑ ሁሉ እንዲህ ያለ ድምፅ አልሰማም።

ይህን ጊዜ ዳይሬክተሯ ተነሡ።

«እንዲህ ያለች ከሆነች እኔን ምን አሸጠኝ?» አሉ። «ልብስ ሰፊው ሌላ ቤት ይፈልግ።»

ምስጋናውን ሁሉ ገልብጦ ሲሰማ የቆየው ሙሽራ ጫኝ ከመዓት እንደተረፈ ሰው ተነፈሰና፣ ይቅናዎት እትዬ፣ ብሎ ሞተሩን ሊያጠፋ እጁን ሰደደ። ጋሽ እንከን ተሸበረ። አሁኑኑ ካልተሳደበ መኪናዋ ማምለጧ ነው። ሞተሩ እንዳይውጥበት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ያለ የሌለ ኃይሉን ሰብስቦ፣

«ማንም ያልፈለጋት፣ ቆማ የቀረች!» አለ።

ሞተሩ የጠፋው «ማንም» ላይ ነው። የቀረው ሁሉ ጸጥ ባለው ጋራዥ ውስጥ እየጠራ ወጣ።

ዳይሬክተሯ አግብተው አያውቁም። ሰፈሩ ያቺን ቃል እሳቸው ፊት ላለማውጣት ስንት ዘመን ጥርሱን ነክሷል። ሙሽራ ጫኝ ግን ስድቡን ገልብጦ ሰምቶ ፊቱ እንደ ሠርግ ቤት በራ።

«ማን ናት ቆማ የቀረችው?» አሉ ዳይሬክተሯ፣ ቀስ ብለው።

«መኪናዋ ናት እትዬ። መኪናዋን ነው ያልኩት።»

«ስታመሰግናት ይኼ ወንድምህ እንደ ሬሳ ገረጣ። ስትሰድባት ጥርሱ ተገለጠ። እኔ ዕድሜዬን የበላሁት ፈተና ላይ የሚኮራረጅ ጠብቄ ነው። ምን ተባብላችሁ ነው የመጣችሁት?»

ሁለት የከበዱ ሰዎች ጠፍር እንደሚጠብቃቸው ተማሪዎች መሬት መሬት እያዩ ተናዘዙ። ሙሽራ ጫኝ የጃንጥላውን ቦታ በዓይኑ ይፈልግ ነበር። ዳይሬክተሯ ተመልሰው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

«እንግዲያው ሀ ብለህ ጀምር፤ አሁን ግን በሰው ቋንቋ።»

ጀመረ። የበሮቹ ሥር በዝገት አልቋል፣ ጎማዎቹ አንድ መንደር አያልፉም፣ ሽቦው ተበልቷል፣ ጋኑ ካልታጠበ ሞተሩን ይገድለዋል። ዳይሬክተሯ ለእያንዳንዷ «ከዚያስ?» ይላሉ። እዚህ ድረስ ጋሽ እንከን ውኃ ውስጥ እንደገባ ዓሣ ነበር።

«ሞተሯስ?»

አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። ደህና ቃል በቀጥታ ወጥቶበት ስለማያውቅ መንገዱ ጠፋው።

«ሞተሯ… እንግዲህ…»

«እንግዲህ ምን?»

«ደህና ናት» አለና ጥርሱን እንዳስነቀለ ሰው ጉንጩን ያዘ። «ዝገቱን ከዋጋው ላይ ቀንሺ… ይቀንሱልንና፣ ብንገዛት አይቆጨንም።»

ሙሽራ ጫኝ ግድግዳውን ተደገፈ። ከወንድሙ አፍ «ብንገዛት» የምትል ቃል ስትወጣ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ቆማ የቀረችውም የመጣው ሁሉ መንዳት የማይችል ስለነበረ ነው» አሉ። ማንን ማለታቸው እንደሆነ የጠየቀ የለም። ለመሸጡ ተስማሙ፤ ነገር ግን ቁልፉን ከማስረከባቸው በፊት አንዴ ራሳቸው ሊነዷት ነው። ጋሽ እንከን ፍሬኑን ደጋግሞ ረግጦ ይይዛል አለ፤ ጎማዎቹን ነፉ፣ የግቢው በር ተከፈተ።

ዳይሬክተሯ ገብተው መሪውን ያዙ። መኪናዋ ሰፈሩን በሰማያዊ ጭስ አጥና፣ ኮፈኗ ሥር ጠርሙስ እያንዠዋዠወች በክብር ወጣች። ጥግ ላይ ስትደርስ ምልክት ሳታሳይ ወደ ግራ ታጠፈችና የሰፈሩ ዳቦ ቤት ደጃፍ፣ ከአግዳሚው ወንበር ስንዝር ሲቀራት፣ ቤንዚኑ አልቆ ቆመች። ወንድማማቾቹ እየተጋፉ ደረሱ።

ዳይሬክተሯ ቀሚሳቸውን እያስተካከሉ ወረዱ።

«ወደ ግራ ትስባለች» አሉ። «ይኼን አልነገርከኝም።»

ጋሽ እንከን ጎንበስ ብሎ የግራውን የፊት ጎማ ነካ፤ ፈጀው። ፍሬኑ ይዞ አልለቀቀም።

ዋጋው እዚያው ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ የግራው ፍሬን ተቀንሶለት ተቆረጠ፤ ቁልፉም ሙሽራ ጫኝ እጅ ገባ። ወንድማማቾቹ መኪናቸውን ወደ ግቢው ሲገፉ ዳይሬክተሯ ጎን ጎኗን እየሄዱ የመስታወቷን መላላት፣ የበሩን መንጋደድ፣ ወንበሩ መቀመጫን እንዴት እንደሚቆነጥጥ ይነግሯቸዋል። ጋሽ እንከን አንገቱን ደፍቶ እየገፋ «ልክ ነዎት እትዬ» ይላል፤ በምላሳቸው እስከ ጥፍሩ ድረስ ቀንቷል።