ከኤርፖርት ባዶውን የተመለሰው አውቶብስ

ባሌ የወጣት ብሔራዊ ቡድኑ አውቶብስ ሹፌር ነው። ልጆቹ ለውድድር ውጭ በሄዱ ቁጥር ከምድባቸው ሳያልፉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ሲመለሱ ከኤርፖርት የሚያመጣቸው እሱ ነው። ያን መንገድ ሲነዳ ክላክስ አድርጎ አያውቅም፤ ለቅሶ ቤት የሚሄድ ነው የሚመስለው።

ትናንት ግን በጭማሪ ደቂቃ ባገባነው ጎል ለመጀመሪያ ጊዜ አለፍን! በደስታ ስንዘል ሶፋችን ተሰበረ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ባሌ አውቶብሱን አጥቦ ቁልፉን አነሳ።

«አንተ ሰውዬ፣ አበድክ እንዴ? ልጆቹ እኮ አይመጡም!» አልኩት።

«አውቃለሁ! ነይ ግቢ!»

ክላክሱን እያንባረቀ ኤርፖርት ደርሰን ስንመለስ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ወደ ውስጥ አየና፣ «ጋሼ፣ ባዶ አውቶብስ ይዘው ነው እንዲህ የሚጨፍሩት?» አለው።

ባሌ በመስኮት ብቅ ብሎ ጮኸ፦ «ባዶ ስለሆነ ነዋ!»