የኢሱዙው ስቲከር

2013 ዓ.ም.፣ መኸር። ቆሰበር ከተማ ባለው የኢንሹራንስ ቅርንጫፍ ከጸሐፊነት ወደ ካሳ ክፍል የተዛወርሁበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። ሦስት ልጆች ለብቻዬ ስለማሳድግ ለዕድገቱ አምላኬን አመስግኜ ገባሁ።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ደመላሽ አንድ ፋይል ሰጡኝ። ደንበኛችን ጌታነህ ዳንግላ መውጫ ላይ ባጃጁን ኢሱዙ ገጭቶበት እግሩ ተሰብሯል። ለጉዳቱ ካሳ የሚጠየቀው የኢሱዙው ኢንሹራንስ ነው፤ ካለው።

«ትራፊክ ፖሊሱ አለው ብሎ ጽፏል» አልኋቸው።

«አይቶ ነው ሰምቶ?»

ዳንግላ ወረድሁ። ኢሱዙው ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ግቢ ቆሟል። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ስቲከሩ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ ጊዜውም አላለፈም። በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። እዚያው የነበረውን የመኪናውን ባለቤት የኢንሹራንስ ሰርተፍኬቱን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት።

«ቤት ነው እህቴ። ይልቅ ድንቼ ሊበሰብስ ነው፤ መኪናዬን አስለቅቂልኝ።»

ሆስፒታል ገብቼ ጌታነህን «አይዞህ፣ ኢንሹራንስ አለው» አልሁት። ሳላጣራ መናገር አልነበረብኝም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የጌታነህ ሚስት ደወለች።

«የኢሱዙው ባለቤት ሽማግሌ ልኮብናል። ከሰዓት ሊታረቁ ነው። ጌታነህም ሊፈርም ነው።»

«ምን ብሎ?»

«ጥያቄ የለኝም ብሎ።»

በእኛ አገር ሽማግሌ መመለስ ነውር ነው። ግን ኢንሹራንስ ያለው ሰው ድርጅቱ ይከፍልለት የለም? ፊርማው ለምን አስቸኮለው? ፎቶውን አውጥቼ ስቲከሩን ወደ ሰጠው ድርጅት ደወልሁ። ያነሣችው ልጅ ቁጥሩን ፈልጋ፦

«ይህ የሚኒባስ ነው። ሰሌዳውም ሌላ ነው» አለችኝ።

ለአቶ ደመላሽ ነገርኋቸው።

«ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ለጎዳው ሰው ካሳ የሚከፍል የመንግሥት ፈንድ አለ» አሉ። «ጌታነህ ከፈረመ ግን ያም ይከብደዋል። ሂጂ፣ ድረሽ።»

ሆስፒታል ስደርስ ሽማግሌዎቹ አልጋውን ከበዋል። ወረቀቱ ብርድ ልብሱ ላይ ነው፤ እስክሪብቶው ጌታነህ እጅ ላይ ነው።

«ቆይ፣ እንዳትፈርም!» አልሁ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ መምሬ አዱኛ፣ ቀና አሉ። «ልጄ፣ ማዕተብ አስረሽ ዕርቅ ትከለክያለሽ?»

መስቀላቸውን ተሳለምሁ። «አባቴ፣ ዕርቁን አልከለክልም። ወረቀቱን ብቻ ጮክ ብለው ያንብቡልን።»

«ከማንም ካሳ አልጠይቅም» ከሚለው ሲደርሱ ቆሙ። ጥግ ወደ ቆመው የኢሱዙው ባለቤት ዞሩ።

«አንተ፣ ይህን መች ነገርኸን?»

«ስቲከሩስ የማን ነው?» አልሁት።

በሩን አየ። «የወንድሜ ሚኒባስ ነው… የእኔን ላሳድስ ስል ነው የደረሰብኝ።»

መምሬ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «በሉ ተሳሳሙ። ፊርማ የለም።»

ጌታነህ ሳይነሣ ትከሻውን ሰጠው። ቂሙ በዚያው ቀረ፤ የካሳ መብቱም አልተነካም። ፈንዱ ዘገየ እንጂ አልቀረም፤ ዛሬ ጌታነህ እያነከሰም ቢሆን ባጃጁን ይነዳል። ተመስገን።

ስቲከር ማየት ማጣራት አይደለም፤ ማጣራት ቁጥሩን ይዞ ስቲከሩን ለሰጠው ድርጅት መደወል ነው።

በዕርቁ ማግሥት ኪዳን አድርሼ ዳንግላ ወረድሁ። ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ገብቼ «ኢንሹራንስ አለው» የሚለው ቃል እንዲታረም ደብዳቤ አስገባሁ። ከዚያ ጌታነህ ዘንድ ሄጄ «ተሳስቼ ነው አለው ያልሁህ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት፤ የፈንዱንም ፎርም አብረን ሞላን።