በእትዬ አልማዝ ጓሮ የነበረችው ነጭ አበባ

ባለፈው ሳምንት ከመሥሪያ ቤት ወጥቼ ወደ ቤት ስሄድ፣ ስንጠብቀው የከረምነው የበልግ ዝናብ ሶዶ ላይ ድንገት ወረደና ከነባጃጁ አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር አስጠለለን። ባለ ባጃጁ እጁን ወደ ዝናቡ ዘርግቶ "እሰይ፣ ገበሬው ተነፈሰ" አለ። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ገበሬውን አላሰብኩም፤ የደረቀ ቀይ አፈር የመጀመሪያውን ውኃ ሲቀምስ የሚያወጣው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ፣ ሽበቴንም የጉልበት ሕመሜንም አስረስቶ፣ እናቴ በረንዳ ላይ ቆማ "በቃ፣ ሰሞኑን ትወጣለች! ሩጪ ለእነ አልማዝ ንገሪ!" ወደምትልበት ግቢ መለሰኝ። ዝናቡ ካባራ በኋላ እንኳ ባለ ባጃጁ "እትዬ፣ እንሂድ እንጂ" እስኪለኝ ድረስ አልነቃሁም።

የምትወጣው ነጯ አበባ ናት። ሥሯ እንደ ሽንኩርት ራስ ያለ ነው፤ በጋውን ሙሉ ቅጠሏ ከሣር ስለማይለይ ዘወር ብሎ የሚያያት የለም። አባቴ አንድ ጊዜ ግቢ አጸዳለሁ ብሎ ግማሿን በማጭድ ጨረሳትና እናቴ ያን ሰሞን ወጡን ጨው እየነሳች ታቀርብለት ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ከወረደ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን፣ ከየት መጣሽ ሳትባል፣ አፈሩን ሰንጥቃ ነጭ ሆና ብድግ ትላለች። ሁለት ወይ ሦስት ቀን ትቆይና ትረግፋለች። ያላያት አላያትም፣ ለከርሞ ነው።

ለዚህም ነበር እናቴና ጓደኞቿ በዚያ ሰሞን ሰው የማይሆኑት። የሠፈሩ ሰው "ባለ ጣሳዎቹ" ይላቸው ነበር፣ ከዘይት ጣሳና ከወተት ዱቄት ቆርቆሮ ጀምሮ ቀዳዳ ሊበጅለት የሚችል ነገር ሁሉ በእነሱ እጅ የአበባ ማሰሮ ስለሚሆን። ዋናዎቹ እናቴ፣ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን እትዬ አልማዝና ብቸኛው ወንድ ጋሼ ዳና ነበሩ። ጋሼ ዳና የሳይንስ አስተማሪ ናቸው፤ ዣንጥላቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አንዲት አበባ ፊት ጎንበስ ካሉ ሻዩ ቀዝቅዞ ሌላ እስኪፈላ ቀና አይሉም። በዚያ ሰሞን ዛሬ የአንዱ ጓሮ፣ ነገ የሌላው ጓሮ እየተባለ ይታያል። ዝናቡ ቆላውን ቀድሞ ከመታው ደግሞ በጋሪ ወደ ሁምቦ፣ በሚኒባስ ወደ በዴሳ እንወርዳለን፤ እኔም ጣሳ ታቅፌ መሐላቸው እቀመጣለሁ። ረዳቱ "ይሄ ጣሳ ወንበር አይያዝ!" ሲል ጋሼ ዳና "ልጄ፣ ከአንተ ይልቅ ጣሳዋ ጸጥ ብላ ትሄዳለች" ይሉትና ሚኒባሱ ሁሉ ይስቃል።

ጓሮ ሲደረስ ባለቤቷ አስቀድማ የገዛ አበባዋን ማዋረድ አለባት። "ኧረ ዘንድሮስ ምንም የለኝ፣ በከንቱ ነው የደከማችሁት፣ ደርቆ አለቀ" ትላለች፣ ከኋላዋ ግቢው ነጭ በነጭ ሆኖ። እንግዶቹም "ኧረ ተይ፣ የእኛን ባየሽ" ይላሉ። ይህ ውሸት በደንብ ከተዋሸ በኋላ ወደ አበባው ይኬዳል፤ ከዚያ የተቀቀለ ቦይና፣ ማለትም ጎደሬ፣ በዳጣ ይቀርባል። ወቅቱ ሁልጊዜ ዓቢይ ጾም ነው፤ እትዬ አልማዝ ጴንጤ ሆና ሳለ ለእናቴ ብላ ቅቤ ነክቶት የማያውቅ አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻ አስቀምጣ ነበር። "ይቺ የአንቺ ናት፣ ጌታ ምስክሬ ነው" ትላታለች፣ እናቴ ሳትጠይቃት።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች አንድ ሕግ ነበራቸው። አበባ አይለመንም፣ እጅ በእጅም አይሰጥም፣ ምስጋናም የለበትም። ተለምኖ የተሰጠ አበባ አይጸድቅም ብለው ያምኑ ነበር፤ ጋሼ ዳና ክፍል ውስጥ ስለ ሥርና ስለ ግንድ ሲያስተምሩ ውለው ይህችን ግን አይከራከሯትም። እና ምን ይደረጋል? እንግዳዋ አንዷን አበባ አይታ አይታ ስታበቃ "አይ ውበት!" ብላ ዝም ትላለች። ባለቤቷ የሰማች አትመስልም። ትንሽ ቆይታ ግን ያለ ምንም ምክንያት ፊቷን ወደ አጥሩ ታዞራለች። ውሰጂ ማለቷ ነው። እንግዳዋ ከቦርሳዋ ማንኪያ አውጥታ አንዲት ራስ ትነቅልና በመሐረብ ጠቅልላ ትከታለች፤ ባለቤቷም ስትመለስ ጉድጓዱን እያየች አላየሁም ትላለች። የተወሰደ አበባ ደግሞ አይመለስም። መመለስ "የእጅሽን ነገር አልፈልግም" ማለት ነው፣ ከስድብ ይብሳል።

ከሁሉም ጓሮ ግን አንድ መደብ ነበረች፣ ማንም "አይ ውበት" የማይልባት። እትዬ አልማዝ ማርታ የምትባል ልጅ ነበረቻት፣ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ የምትል። ማርታ በዴሳ አክስቷ ዘንድ ከርማ ስትመለስ፣ በትምህርት ቤት ቦርሳዋ ከሌሎቹ የምትለይ ነጭ አበባ አምጥታ በእጇ ጓሮ ተከለች። የአበባዋ ቅጠል ድርብ ነው፣ ውስጧ እንደ ለጋ ሣር አረንጓዴ ይላል። ማርታ ግን ስታብብ አላየቻትም። ያንኑ ሰሞን ወባ ያዛትና ሞተች። የአክስቷም ጓሮ በድርቅ አለቀ፤ ያቺ ዓይነት አበባ ከእትዬ አልማዝ ጓሮ በቀር የቀረችበትን አናውቅም። እዚያ ቤት የማርታ ስም አይነሳም ነበር። እንግዶች እዚያ መደብ ሲደርሱ ዝም ብለው ያልፋሉ፣ እትዬ አልማዝም እዚያ ቦታ ላይ ፊቷን አዙራ አታውቅም።

አንድ በልግ ግን አዞረች። መደቧ ያን ዓመት ሞልታ ነበር፤ ሌሎቹ ወደ ሻዩ ሄደው እናቴና እትዬ አልማዝ ጎን ለጎን ቆመው ሲያዩ፣ እትዬ አልማዝ ድንገት ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረችና ቆየች። እናቴ ደነገጠች። ለእኔ ስትነግረኝ፣ "ይህን ያህል ትወደኛለች ለካ አልኩ በልቤ" ነበር ያለችኝ። አለመውሰድ ንቀት ይመስላል ብላ ማንኪያዋን አወጣችና ሁለት ራስ ነቀለች። እትዬ አልማዝ ፊቷን ያዞረችው ግን እንባዋን ለመጥረግ ነበር። ዞር ስትል ጉድጓዱን አየች፣ ከዚያ እናቴን አየች፣ ወደ ቤት ገባች።

ከዚያ ወዲያ ተኮራረፉ ማለት ይቀላል እንጂ ነገሩ ከኩርፊያ በላይ ነበር። አንድ ቦኖ ውኃ የሚቀዱ፣ ጠዋት በአጥር ላይ በወላይትኛ ሰላምታ "ሳሮ! ሳሮ!" ተባብለው ካልጮሁ ቀኑ የማይጀምርላቸው ሰዎች፣ ባልዲያቸውን አስቀምጠው መሬት መሬት የሚያዩ ሆኑ። አባቴ "መልሺላትና ይለቅ" ይላል። "አንተ ስለ አበባ ምን ታውቃለህ?" ትለዋለች። ሁለት ጊዜ በሯ ድረስ ሄዳ ሳታንኳኳ ተመለሰች። ምን ትበል? "መስሎኝ ነው" ማለት እኮ "ከጎንሽ ቆሜ ስታለቅሺ አላየሁሽም" ማለት ነው። መመለስ አትችል፣ መጣል አትችል፤ ሁለቱን ራሶች በወተት ቆርቆሮ ተክላ መስኮቷ ሥር አኖረቻቸው። እኛ ልጆቿ ስንታመም እንኳ እንደዚያ ስትነሳ ስትቀመጥ አላየኋትም። በምሽት ታስገባለች፣ በጠዋት ታወጣለች፣ አበባዋን "እባክሽ የኔ ልጅ፣ እንዳታሳፍሪኝ" ትላታለች።

በሚቀጥለው በልግ ዝናቡ በወረደ በጥቂት ቀኑ ጋሼ ዳና ዣንጥላቸውን ሳያጥፉ ገቡ። "አልማዝ ጓሮ ፍልፈል ገብቷል" አሉ። "ቀድሞ በልቶት ነው፤ ማንም አላወቀም። ሌላው ሁሉ ወጣ፣ የልጅቷ መደብ ባዶ ነው።" እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ ሁላችንም የወተት ቆርቆሮውን አየን፤ ከቅጠሉ መሐል የስንዴ ፍሬ የምታህል እምቡጥ ወጥታለች። ማርታ ከተከለችው በዚህ ምድር ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነበር፣ እናቴ ደግሞ ተሸክማ ልትወስድላት አትችልም። ያለው መንገድ አንድ ነው፣ እትዬ አልማዝ ራሷ መምጣት አለባት። ዓመት ሙሉ ደጃችንን ያልረገጠች ሴት።

የእኛ ጓሮ ተራ በደረሰ ቀን አበባዋ ተከፍታ ነበር። እናቴ ቆርቆሮውን በርጩማ ላይ አድርጋ ግቢው መሐል አስቀመጠችው፤ ከሌሊት ጀምራ ቦይና ብትቀቅልም ጨው መጨመሯን ረስታለች። ሰው መጣ፣ ተቀመጠ፣ እናቴ "ኧረ ምንም የለኝ" ማለቱንም ዘነጋችው። እትዬ አልማዝ የመጣችው ተስፋ ከቆረጥን በኋላ ነው። ጋሼ ዳና ነግረዋት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ብቻ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ ገባች፣ ማንንም ሳትጨብጥ በርጩማው ፊት ቆመች። 

"አደገች እንዴ?" አለች።

"አደገች፣ አልማዝዬ" አለች እናቴ። "አላየሁም ነበር። እንባሽን አላየሁም፣ ይቅር በይኝ።" በነጠላዋም እንባዋን ጠረገች።

እትዬ አልማዝ ዓይኗን ከአበባዋ ሳታነሳ "እባካችሁ፣ ሁላችሁም ዞር በሉልኝ" አለች። ዞርን። ያን ሁሉ ትልልቅ ሰው፣ ጋሼ ዳናን ጨምሮ፣ ወደ አጥሩ ተሰልፎ ቆሞ ላየ ሰው ጉድ ነበር፤ እኔ ሰርቄ ላይ ስል እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ከኋላችን የማንኪያ ድምፅ ሰማን፣ ከዚያ እትዬ አልማዝ "ማርታ" ስትል ሰማን፤ እኔ በበኩሌ ያን ስም ከአፏ ስሰማ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ስንመለስ አንዷን ራስ፣ ያላበበችውን፣ በመሐረቧ ጠቅልላለች። ያበበችውን ትታልን ነበር። ተቀምጣ ቦይናውን ቀመሰችና "ምነው፣ ጨው አለቀባችሁ?" አለች፣ እናቴም እያለቀሰች መሳቅ ጀመረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ አልማዝ ስለ ማርታ ማውራት ቻለች። ነጯ አበባ በወጣች ቁጥር ሁለቱ ሴቶች ቁጭ ብለው ልጅቷ እንዴት ትስቅ እንደነበር፣ ገንፎ እንዴት እንደማትወድ፣ ብትኖር ስንት ዓመቷ እንደሚሆን ያወራሉ። ጋሼ ዳና በጡረታ ዘመናቸው አረፉ፣ ከዚያ እትዬ አልማዝ፣ ከዚያ እናቴ። በእትዬ አልማዝ ጓሮ ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል። አበባ አልጠፋም፣ ኧረ እንዲያውም በዝቷል፤ በየመንገዱ ዳር በጥቁር ላስቲክ ይሸጣል፣ ሰውም ገዝቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ሦስት ቀን ለማትሞላ አበባ ሲል ሥራውን ጥሎ ሰው ቤት የሚሄድ፣ ሄዶም ዝም ብሎ ጎንበስ የሚል ሰው ነው ያጣሁት።

የማርታ አበባ አሁን በእኔ ጓሮ ናት፤ ባለፈው ሳምንት ዝናብ ወጥታለች። ልጆቼን ጠርቼ ማን እንደተከላት ነገርኳቸው። በአክብሮት ሰሙኝ፤ የትልቋ ልጄ ዓይን እንባ እንኳ አቅርሮ ነበር፣ ግን የማታውቃትን ልጅ እንዴት ታስታውስ? ፊቷን አላየች፣ ሳቋን አልሰማች። እኔም ብሆን ፊቷ እየጠፋብኝ ነው፤ ሳቋ ብቻ ቀርቶኛል። እኔ ካለፍኩ በኋላ አበባዋ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ትወጣለች። የማርታን ሳቅ የሚያውቅ ሰው ግን ሶዶ ውስጥ አንድም አይኖርም።